ሣጥኑ ውስጥ ስልክ ጠራ

በኮምቦልቻ ብረት ተራ ሰፈር የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በሁለት ዓይነት ይነፋል። ረዥምና የተጎተተ ከሆነ ሰው ሞቷል፤ ሰፈሩ ነጠላውን ይፈልጋል። አጭርና የተቆራረጠ ከሆነ ሞገድ እየመጣ ነው፤ ሰፈሩ ጣሳውን ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የማስጠንቀቂያ ደወል ተተክሎ አያውቅም አይባልም። ተተክሏል፤ ተመርቋል፤ ሪባንም ተቆርጦለታል። ሞገዱ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የተቃጠለው ግን እሱ ራሱ ነበር። ጥሩንባ ምኑ ይቃጠላል? አንድ ቁራጭ ነሐስና የሰው ትንፋሽ ነው።

ሞገዱን የሚወረውሩት ባሕር ማዶ የሚዋጉ ሰዎች ናቸው ይባላል። ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ በብረት ተራ የሚያውቅ የለም፤ መጠየቁም ከቀረ ቆይቷል። ሲያልፍ ሰማዩ አይጠቁርም፣ መሬቱ አይንቀጠቀጥም፣ ዶሮ እንኳ መጫሯን አታቋርጥም። ሽቦና ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ ግን ጭጭ ብሎ ይቀራል። የሰው ገንዘቡም፣ መታወቂያውም፣ የሐኪም ካርዱም፣ የቤቱ ቁልፍም ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ የሞተበት ሰው አዲስ እስኪያወጣ ድረስ ዳቦ አይሸጥለትም፣ ታክሲ አይጭነውም፣ እገሌ ነኝ ብሎም የሚያምነው የለም። ስለዚህ በየቤቱ የብስኩት ጣሳ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ከወታደር ቤት የወጣ የጥይት ሣጥን አለ። ሙሽራ ስትዳር ከልብሷና ከጌጧ ጋር ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ይሰጣታል። ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ የልጅቱ አባት ስለ ልጁ ሥራ ከመጠየቁ በፊት ስለ ጣሳው ይጠይቃል።

ሰው ግን ጣሳ ውስጥ አይገባም። የጦይባ ጭንቀት ይህ ነበር።

ባሏ ይመር ደረቱ ውስጥ የልብ ባትሪ አለው። ዕድሜውን ሙሉ በያጅ ነበር፤ አንድ ቀን የብየዳ መነጽሩን እንዳጠለቀ ወደቀ። ልቡ መምታት እየረሳ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከዚያ ወዲህ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት ‹ምታ፣ ምታ› እያለች የምታስታውሰው። ያቺ ነገር ደግሞ እንደ ስልክ ተነቅላ ጣሳ ውስጥ አትቀመጥም።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደርበው ያኔ አባላቱን ሰብስበው አንድ ነገር ተናገሩ። ‹‹ይህ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክልለታለን፤ ይህ ያለ ነው። በሕይወት እያለስ ምን አደረግንለት? ሞገድ የማያስገባ ሣጥን እንሥራለት፤ እግረ መንገዳችንን ስልኮቻችንንም እናስቀምጥበታለን።›› ሰው አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ ብቻ አይደለም፣ ላሜራ ይዞ መጣ። አንዱ የአጥር በሩን ነቀለ፣ አንዱ የጓሮ ታንከሩን ቆረጠ። ይመር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ወጣቶቹን ‹እዚህ ጋ በይድ፣ እዚያ ጋ ድገመው፣ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ እንዳትተውብኝ› እያለ አሠራቸው። ሲያልቅ የዘበኛ ቤት የሚያክል የብረት ሣጥን ቆመ። ግድግዳው ከደርዘን ዓይነት ላሜራ የተጣጣፈ፣ አንዱ ጎኑ ላይ የድሮ የሻይ ቅጠል ማስታወቂያ ግማሽ የቀረበት፣ ሲያዩት የሚያስቅ ነገር ነበር።

በሩ ላይ ነው ይመር የተጨነቀው። ‹‹ግድግዳው ምንም አይደል፤ ሞገድ የሚገባው በበር ከንፈር ነው፤›› ይል ነበር። ‹‹ብረቱ ከብረቱ ጋር ዕርቃኑን ካልተገናኘ አለቀልኝ።›› ስለዚህ የበሩ ዙሪያ ሁሉ ባዶ ብረት ሆነ፤ ክፍተቱ ላይ ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተጠቀጠቀ። ሽቦውን ያዋጡት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ያን ሰሞን በብረት ተራ ድስት የሚፈገፈገው በአመድ ነበር።

ባዶ ብረት ደግሞ ይዝጋል። የጦይባ ሥራ እሱ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ትወጣና የበሩን ከንፈር ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ እንደ መስታወት እስኪያበራ ትፈገፍጋለች። ስትጨርስ ይመር ስልኩን ይዞ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ እሷ ከውጭ ትደውልለታለች። ‹የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው አይገኙም› ስትላት ያቺ የስልክ ሴትዮ፣ ጦይባ ፊቷ ይበራል። ባሏን ስልክ ደውላ ስታጣው ደስ የሚላት ሴት በዓለም ላይ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ይመር በሩን ከፈት ያደርግና፣ ‹‹እህሳ?›› ይላታል።

‹‹የለህም፤›› ትለዋለች።

‹‹እንኳን አልኖርኩ!›› ብሎ ይወጣል። ይህን ሁልጊዜ ይባባሉት ነበር። ጎረቤት ሰምቶ ሰምቶ ሰልችቶታል፤ እነሱ ግን በየቅዳሜው እንደ አዲስ ይስቁበት ነበር።

ጥሩንባው አጭር አጭር ሲነፋ ደግሞ ይመር በርጩማውን ይዞ ይገባል፤ የሰፈሩ ስልክ በዘንቢል ተሰብስቦ ጭኑ ላይ ይቀመጣል። ሴቶቹ ‹አያ ይመር፣ አደራ፣ የእኔን ከላይ አድርጋት፣ ስክሪኗ እንዳይጫጫር› ይሉታል። ‹የአንቺ ባል ሲጫጫር ዝም ብለሽ ለስልክ ትጨነቂያለሽ› እያለ ያሾፍባቸዋል። እንዲህ እየሆነ ስንት ሞገድ አለፈ። በብረት ተራ አንድ ስልክ አልተቃጠለም፤ የይመርም ልብ አንድ ቀን አልሳተችም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ነው።

ከሞገድ መከላከል ባለሥልጣን አንድ ክቡር ኃላፊ ሊጎበኙ ነው፤ ብረት ተራ ‹አርአያ ሰፈር› ሊባል ነው ተባለ። እንግዳ ሲመጣ በዚህ አገር ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጥቁርና ቢጫ ተቀባ። የዛፎቹ ግንድ እስከ ወገባቸው ኖራ ለበሱ። የእነ እንትና የፈረሰ አጥር በሸራ ተሸፈነ። ውሻ ሁሉ ታሰረ። ቀለም ተርፎ ኖሮ አንዱ ሰው ቀና ብሎ ሣጥኑን አየው፤ አበቃ።

ያን ዕለት ጦይባና ይመር ለልብ ምርመራ ደሴ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ሣጥኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ እንደ ከረሜላ ያብለጨልጫል። ጦይባ ዘንቢሏን መሬት ላይ ጥላ በሩን ከፈተችና ከንፈሩን በጣቷ ዳሰሰች። ልስልስ ያለ ነው። እዚያም ተቀብቷል። ሽቦው ተነቅሎ ተጥሏል፤ በቦታው ጥቁር የፍሪጅ ጎማ በማስቲሽ ተለጥፏል። ጎማና ቀለም! ብረት ብረትን የሚነካበት አንዲት ቦታ አልቀረም። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች።

‹‹ጋሽ ደርበው!›› አለች። ሰውዬው ድንኳን የሚተክሉትን ልጆች እያዘዙ ነበር። ‹‹የበሩን ከንፈር ማነው የቀባው?››

‹‹ማን እንዲህ አሳመረው በይኝ እንጂ! አየሽው አይደል? ያ የድስት ሽቦ ምን ይመስል ነበር፤ አይጥ የወለደችበት ነበር እኮ የሚመስል። ለእንግዳ ይታያል እሱ?››

‹‹ቀለም ካለበት አይዘጋም እኮ ጋሽዬ።››

‹‹እንዴት አይዘጋም!›› በሩን ገፋ አደረጉት። ድፍ ብሎ፣ ያለ አንዳች ሲጢጢታ ተዘጋ። ‹‹ይኸው! ድሮ ሦስት ጎረምሳ ነበር የሚገፋው።››

‹‹በሩ አይደለም እኮ... ሞገዱን ነው የምልዎት። እርስዎም ያውቁታል፤ ይመር ሲያስረዳ ከማንም ፊት ቆመው የሰሙት እርስዎ ነዎት።››

ጋሽ ደርበው ያውቁታል። ፊታቸው ላይ ትንሽ ጥላ አለፈ። ከዚያ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹ጦይባ እቴ፣ ይመር ወንድሜ ነው። እኔ ይመር ላይ ክፉ አስባለሁ? ሰውየው የሚመጡት ነገ ነው። አሁን ከፋቅነው ተገሽልጦ ሊያዩት ነው፤ መሳቂያ መሆናችን ነው። የነገን ብቻ ታገሺኝ። ሰውየው ዞር ሲሉ እኔው ራሴ አብሬሽ እፍቀዋለሁ። አፈር ስሆን።››

ጦይባ ብርጭቆ ወረቀቱ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በጣቷ ነካችው። እኚህ ሰው ይመር የታመመ ጊዜ ጋቢያቸውን የሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንጥፈው ከእሷ ጋር ያደሩ ሰው ናቸው። ደም ሲያስፈልግ እጃቸውን የዘረጉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ‹አፈር ስሆን› ሲል ምን ይባላል? እምቢ ይባላል። አዎ፣ እምቢ ነው የሚባለው! ግን ይህን በኋላ ነው ሁላችንም የምንናገረው። ጦይባ ‹‹እሺ፤›› አለች። ያ ይሉኝታ የሚባል ነገር ከሞገዱም ከጦርነቱም የከፋ ነው፤ የሚከላከለው ሣጥንም እስካሁን አልተሠራለትም።

ማታ ለይመር ነገረችው። ይመር፣ ‹‹ገና ባለፈው ሳምንት እኮ ነው ሞገድ ያለፈው። በላይ በላዩ አይመጣም፤›› አለ።

‹‹ሞገዱ አንተን አማክሮ ነው የሚመጣው?››

‹‹ደርበውን ሰው ፊት አናሳፍረው ጦይባ። የአንድ ቀን ነገር ነው።››

እሱም እንደዚያው ነው። ከባልም ከሚስትም አንዳቸው እንኳ ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ ምን ነበረበት!

በማግስቱ ኃላፊው መጡ። ወፍራም መስታወት ባላቸው፣ ዙሪያቸው በብረት መረብ በተለበዱ መኪኖች ነው የመጡት፤ የእነሱ ሣጥን በጎማ የሚሄድ ነው። ንግግር ተደረገ። ጋሽ ደርበው ሱፋቸውን ለብሰው እድሩ እንዴት እንደተመሠረተ ተናገሩ፤ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ አንድ ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ላይ ነገር የሰካ የፕሮቶኮል ሰው ብድግ አለና፣ ‹‹አሁን ሙከራ ይታያል፤›› አለ። ይመር አዲስ ጋቢ ለብሶ ስልኩን ይዞ ገባ። በሩ ድፍ ብሎ ተዘጋ።

‹‹ክቡርነታቸው ራሳቸው ይደውላሉ፤›› አለ የፕሮቶኮሉ ሰው።

ጦይባ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ደስ አላት። እሷ መናገር ያቃታትን ሣጥኑ ራሱ ሊናገርላት ነው። ይጠራል፤ ሁሉም ይሰማል፤ ጋሽ ደርበው ያፍራሉ፤ ይፋቃል፤ ያልቃል። ይጥራ፣ ብላ ጸለየች።

ኃላፊው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ከዚያ ከአረንጓዴው ሣጥን ውስጥ፣ በላሜራው እያስተጋባ፣ የይመር ስልክ ጥርት ብሎ ጠራ።

እዚያ ከነበሩት የብረት ተራ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አንድም አልነበረም፤ ሕፃናቱ እንኳ ያውቃሉ፣ በየቅዳሜው የሚያዩት ነገር ነው። ሣጥኑ ያስገባል ማለት ነው። ሣጥኑ ወንፊት ሆኗል ማለት ነው። የክቡርነታቸው ፊት ግን ፈካ። ‹‹ጠራ!›› አሉ፣ ‹‹ይኸው ጠራ!›› የፕሮቶኮሉ ሰው አጨበጨበ። አጃቢዎቹ አጨበጨቡ። የጋሽ ደርበው እጆች አየር ላይ ቀርተው ነበር፤ ቆይተው እነሱም ተገናኙ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

‹‹ኧረ ጠራ እኮ!›› አለች ጦይባ።

‹‹እልል በይ እንጂ አንቺ፣ ሰው ያያል፤›› አለቻት ጎኗ ያለችው፤ በክርኗም ጎሸመቻት።

ይመርስ? ይመር ስልኩን አነሳው። ምን ያድርግ፤ የክቡርነታቸው ስልክ እንዴት አይነሳም?

‹‹ሄሎ፣ አባባ! እንዴት ነዎት? ውስጡ ይመቻል?›› አሉ ኃላፊው፣ ሰው እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው።

‹‹አልሐምዱሊላህ ጌታዬ፤›› አለ የይመር ድምፅ። ‹‹ሁሉ ነገር ይገባል። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይገባል።››

ጭብጨባው እንደገና ቀለጠ። ክቡርነታቸው ማይክ ተቀበሉና፣ በሞገድ ጊዜ እንኳ ከሕዝባቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት እንደማይቋረጥ በዓይናቸው በማየታቸው መደሰታቸውን ገለጹ። ይህ ሣጥን ለአገሪቱ ሁሉ አርአያ እንደሚሆንም ቃል ገቡ።

ይመር ሲወጣ ከጦይባ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ‹‹ሰማሽ?›› አላት ቀስ ብሎ። ‹‹ሰማሁ፤›› አለችው።

እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ለምሳ ሲቀመጡ ጦይባ በሩን ከፍታ፣ ብርጭቆ ወረቀቷን አውጥታ መፈግፈግ ጀመረች። ክርርር የሚለው ድምፅ ድንኳኑ ድረስ ገባ። ጋሽ ደርበው አፋቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ። ‹‹እጃቸውን እስኪታጠቡ እቴ፣ እጃቸውን እስኪታጠቡ ብቻ!›› አሏት፤ ዓይናቸው ይለምን ነበር። ጦይባ እጇን ሰበሰበች። ወረቀቱን እንደጨበጠች ደፉ ላይ ተቀምጣ እንግዳው እጃቸውን እስኪታጠቡ ጠበቀች።

እጃቸውን ሳይታጠቡ ጥሩንባው ተነፋ። አጭር፣ የተቆራረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። የእንግዶቹ የመኪና በሮች ተራ በተራ ተዘጉ፤ ክቡርነታቸው እጃቸው ቅባት እንደያዘ ተጭነው ሄዱ። ጦይባ ጎማውን በጥርሷም በእጇም ገሽልጣ ጣለችው። ‹‹ሽቦ አምጡ! የድስት ሽቦ!›› ስትል ጮኸች። ያች በክርኗ የጎሸመቻት ሴት ከሁሉም ቀድማ ሮጠች። ጋሽ ደርበው የሱፍ ኮታቸውን ወርውረው በጠረጴዛ ቢላ ቀለሙን ይፍቁ ጀመር፤ የተፋቀው ልጥ ልጥ እያለ እጃቸው ላይ ይጣበቃል። እንደዚያ ያለ ጥሩ ቀለም ነበር። በሌላ ጊዜ ቢቀቡት በወር ይረግፍ የነበረ ነገር!

ይመር በርጩማውን ይዞ ገባ። የስልኩ ዘንቢል ተሰጠው።

‹‹ጦይባ፣ ዝጊው።››

‹‹ይቺን ጎን ብቻ።››

‹‹ዝጊው አልኩሽ። ከተከፈተ በር የተቀባ በር ይሻላል።››

ከአራቱ ጎን አንዱ እንኳ በወጉ አልጸዳም። የመጣውን ሽቦ ጠቀጠቀች፤ ዘጋችው፤ በጀርባዋም ተደገፈችው። ከዚያ ስልኳን ዘንቢሉ ውስጥ አልከተተችም ኖሮ አወጣችና ደወለች። ‹አይገኙም› በይኝ፣ አለች ለዚያች የስልክ ሴትዮ። በእናትሽ፣ አይገኙም በይኝ።

ጠራ።

‹‹አለሁ፤›› አለ ይመር፣ በስልኩም በላሜራውም።

‹‹ምነው ባልኖርክ!›› አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ‹‹ይመር፣ ምነው ዛሬ ባልኖርክ!››

ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ትከሻው እንደሚነቀነቅ ታውቀዋለች፤ የምታየው መሰላት። ‹‹በይ አታልቅሺ። ደርበውን ደግሞ እንዳትቆጪው፤ እሱ እኮ—››

ድምፁ ቆመ። የእሷም ስልክ እጇ ላይ ጠቆረ። ዶሮዎቹ መጫራቸውን አላቋረጡም።

በሩን ስትከፍተው ይመር ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ ነበር፤ ዘንቢሉን በሁለት እጁ አቅፎታል፤ የሰው አደራ ነውና አልጣለውም። ሐኪም ለመጥራት የሚደወልበት ስልክ በሰፈሩ አልነበረም። ልጆች በሩጫ ተላኩ፤ ከጤና ጣቢያ ነርስ ሮጣ መጣች፤ ደረቱን ተጭና ተጭና ደከማት። ጥሩንባ ነፊው ከመስጊዱ ጥግ ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ነሐሱን ወደ አፉ አስጠጋ። ረዥምና የተጎተተ።

የተቀበረው በዚያው ዕለት ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ። ለእንግዳው የተተከለው ድንኳን አልተነቀለም፤ ለለቅሶው ሆነ። ጋሽ ደርበው ቃሬዛውን ከፊት ይዘው ለማንም ሳያስረክቡ መቃብሩ ድረስ አደረሱ። ማታ መጥተው ጦይባ እግር ሥር ተንበረከኩ። ‹‹የገደልኩት እኔ ነኝ፤›› አሉ፤ ጢማቸው በእንባ ርሷል። ሌላ ቢሆን ‹ኧረ ተው፣ የአላህ ሥራ ነው› ይላቸው ነበር፤ እንዲህ ነው የሚባለው። ጦይባ ግን ምንም አላለችም። እንዲነሱ እንኳ አልነገረቻቸውም። ባሏ አትቆጪው ብሏል፤ እሺ፣ አልተቆጣችም።

ሬዲዮው ብረት ተራ አርአያ ሰፈር መባሉን አወጀ። ክቡርነታቸው ሣጥኑ ውስጥ ላለ ሰው ደውለው በመጀመሪያው ጥሪ መነሳቱ ተነገረ፤ ስለ ይመር ትንፍሽ ያለ የለም። መመሪያም ወረደ፦ የየሰፈሩ ሣጥን የበሩ ከንፈር ሳይቀር አረንጓዴ ይቀባል፤ ጎማ ይገጠምለታል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይደውላል፤ ከጠራ አለፈ፤ ካልጠራ ተስተካክሎ ይቀባል። ጋሽ ደርበው ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄደው ‹‹ኧረ የተገላቢጦሽ ነው፣ ሰው ሞቶብናል፤›› ብለው ጮኹ። ‹‹ክቡርነታቸው በእጃቸው ደውለው የጠራ ነገር ነው፤ እርስዎም አጨብጭበዋል፣ ቪዲዮው አለ፤›› ተባሉ። ‹አርአያ› የሚል ሰሌዳ ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ሰሌዳውም አረንጓዴ ነው።

ጦይባ የብረት ተራውን ሣጥን በአንድ ቀን ፋቀችው፤ ማንም ከልካይ አልነበራትም። ከዚያ የሚፋቅ ነገር አጣች። ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ እጇን ታየዋለች። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው ሰፈርም የልብ ባትሪ ያላቸው ሽማግሌ እንዳሉ ሰምታ ነበር፤ ልጃቸው ነጃት የምትባል ናት፤ ከልጆቿ ሁሉ አባቷን ታስቀድማለች ይሏታል። አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ ጦይባ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ፌስታል የድስት ሽቦ ይዛ ድልድዩን ተሻገረች።

ሣጥኑ አዲስ የተቀባ ነው። እዚያ ላይ ግማሽ ቀን ዋለች። ጎማውን ነቀለች፤ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቀች፤ ዙሪያውን በሽቦ ጠቀጠቀች። ይመር ቢያየው ‹ይኸን አሁን እኔ የሠራሁት ይመስላል› ይላት ነበር። ጨርሳ ወገቧን ስታቃና ተቆጣጣሪው፣ ነጃት፣ ሽማግሌውና የሰፈሩ ሰው ከኋላዋ ቆመዋል። የገረመው እንጂ የተቆጣ አልነበረም ገና። ተቆጣጣሪው ሽማግሌውን አስገባና ደወለ።

አልጠራም።

ደግሞ ደወለ። ‹የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው አይገኙም።›

ሽማግሌው በሩን ከፈት አድርገው፣ ‹‹ደወላችሁ እንዴ? እኔ ምንም አልሰማሁ፤›› አሉ። ጦይባ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው።

‹‹ማናት ይቺ? አበላሸችው እኮ!›› አለ አንዱ። ‹‹አዲስ ቀለም! እዩት ከንፈሩን፣ እዩት!››

ነጃት ወደ ጦይባ ቀረበች። አልጮኸችም። ‹‹እትዬ፣ እኛ ምን በደልንዎት? ትናንት እኮ ይጠራ ነበር። አባቴን ሊገድሉብኝ ነው?››

ጦይባ እጇ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ነበር። ተናገረች፤ ሁሉንም ተናገረች፤ ስለ ይመር፣ ስለ ጭብጨባው፣ ‹አለሁ› ስላላት ቃል። ሰው አዳመጠ፤ የእግዜር እብድ እንደሚደመጥ አድርጎ አዳመጠ። ‹‹ባሏ ሞቶባት ነው አሉ፤›› ተባባሉ። ‹‹ነፍስ ይማር፤ ምስኪን።›› ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየና፣ ‹‹መርጫውን አምጡ፤›› አለ። ሁለት ጎረምሶች የቀለም መርጫውን ተሸክመው መጡ።

ጦይባ ያን ጊዜ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ከአንዱ ጎን አስደገፈች፤ እግሯን ወደ ሌላው ጎን ዘረጋች።

‹‹እንግዲያውስ እኔን ቀቡኝ፤›› አለች።

ጎረምሶቹ ተያዩ። ትልቅ ሴት ላይ ቀለም መርጨት ነውር ነው፤ ሰው ምን ይላል? አንዱ መርጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሌላውም አንገቱን ደፋ። ይሉኝታ አንድ ቀን እንኳ ለጦይባ ሠራላት።

‹‹ተዉአት፤›› አለ ተቆጣጣሪው። ወንበር ጠየቀ፤ ጥላው ሥር አመጡለት። ‹‹ዛሬ የሚያስቸኩለን የለም። ሲመሽ ቤቷ መሄዷ አይቀርም፤ ያኔ ትቀቡታላችሁ።››

ነጃት አባቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። ጦይባ ጀርባዋ ላይ የብረቱን ቅዝቃዜ እየተሰማት ተቀመጠች፤ ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነበር።